ደረቅ ንፊ

በትምህርት ቤታችን ባንድ ውስጥ ከጥፊም ከመንበርከክም የከፋ አንድ ቅጣት ነበር፤ ደረቅ መንፋት። አንድ ልጅ ሲሳሳት መምህሩ ባንዱን የሚመራበትን ዱላ ያወርድና ልጁን ወንበር ላይ ያቆመዋል። ሌሎቻችን ዜማውን ከመጀመሪያው ስንጫወት፣ የተቀጣው ልጅ መሣሪያውን አፉ ላይ ደግኖ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ፣ ትንፋሽ ግን ሳያወጣ እስከ መጨረሻው ይቆማል። ዜማው ሳያልቅ መሣሪያውን ካወረደ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። እኛ ደግሞ አፋችን በመሣሪያ ስለተያዘ መሳቅ አንችልም። ሳቁን አጠራቅመን መጨረሻ ላይ እንለቅበታለን።

መምህሩ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ አርጅቶ የወጣ ሰው ስለነበር ሻምበል እንለው ነበር። ሻምበል ይሁን አስር አለቃ የጠየቀው የለም። «ትንፋሽ ከብትም አለው፤» ይል ነበር። «ሰው የሚለየው በጣቱ ነው።»

ታናሽ እህቴ ትራምፔት ነፊ ነበረች። በሁለት ዓመት ውስጥ ደረቅ የቆመችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ስላስነጠሳት። እኔ ክላርኔት ነበርኩ። ስንት ጊዜ እንደቆምኩ መቁጠሩን ትቼዋለሁ። በተሳሳትኩ ቁጥር ወንበሩ ላይ ሳልደርስ እንባዬ ይቀድመኛል፤ ከበሮ መቺው ልጅ «ቧንቧው ተከፈተ!» ይላል። ይህን ልጅ ማንኪያ ነበር የምንለው። ከበሮ በሌለበት ቦታ ሁሉ ኪሱ ውስጥ በሚይዛት ማንኪያ አጥሩንም፣ ሳህኑንም፣ የሰው ጭንቅላትንም ይመታ ነበር።

እህቴን ቁንጫ ብሎ የሰየማት አባታችን ነው። ትንሽ ነበረች፤ አንድ ቦታ አትቀመጥም፤ ስትናገርም ትነክሳለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ እኔ አሥራ ሰባት።

አባታችን ልብስ ሰፊ ነበር። የባንዱን ሃያ ስምንት ቀይ ኮት፣ ክንዱ ላይ ሁለት ወርቃማ ጥብጣብ ያለውን፣ እሱ ነው የሰፋው። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ መስኮቱ ስር የስፌት መኪናው፣ መሀል ላይ መቁረጫ ጠረጴዛው፣ ጥግ ላይ ካውያው። ከመጋረጃው ጀርባ የእናታችን አልጋ አለ። የስኳር በሽታ አንደኛውን ዓይኗን ወሰደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሌላውን። ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ በጆሮዋ ሆነ። ደንበኛ ሲገባ በእርምጃው ትለየዋለች። እኔና ቁንጫ ስንለማመድ «አሁን ያልተስተካከለችው ትልቋ ናት፤» ትላለች። ምንጊዜም ልክ ነበረች።

ቁንጫ ቅዳሜ ቅዳሜ ትራምፔቷን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ታፈርሰዋለች። ሦስት ፒስተን አለው፤ ሲጫኑት ወርዶ የሚመለሰው ማለት ነው። እያንዳንዱን ከቤቱ አውጥታ በጥጥ ጨርቅ ትወለውለውና የአባታችንን የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ታደርግበታለች። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ጊዜ አቀያይራ መለሰቻቸው። ስትነፋ ድምፅ እምቢ አለ። ነፋች፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ እምቢ አለ። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ አንዱን ፒስተን ብርሃን ላይ አድርጋ አሳየችኝ።

«ይኸውልሽ እትዬ፤ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር አለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድና ሦስት ከተቀያየሩ ከላይ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ ውስጡ ግን ግድግዳ ነው። ድንጋይ መንፋት ነው።»

ይህን የነገረችኝ እሷ ናት።

የዓመቱ መዝጊያ አንድ ወር ሲቀረው ሻምበል ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እንዲህ ካደረገ ትልቅ ነገር አለ ማለት ነው።

«ከሙዚቃ ትምህርት ቤት እንግዳ ትመጣለች። አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ምግቡም መኝታውም በእነሱ ነው። አንድ ልጅ መርጣ ትወስዳለች። አንድ ነው ያልኩት። ማንኪያ፣ ጣትህን አውርድ።»

«አንድ መሆኑን እየቆጠርኩ ነው ሻምበል።»

ሁሉም ሳቀ፤ ሁሉም ደግሞ ዞሮ ቁንጫን አየ። የመዝጊያው ዜማ በትራምፔት ብቻ ነው የሚጀምረው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሌላው ሁሉ ቆሞ ይሰማል፤ ከዚያ ሃያ ሰባታችን እንገባለን። ያ ግማሽ ደቂቃ የእሷ ነበር።

ያን ዕለት እራት ላይ አባታችን ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አንጓዎቹ አብጠው የገመድ ቋጠሮ መስለዋል።

«ታዩታላችሁ። መርፌ ውስጥ ክር ለመክተት ጎረቤት መጥራት ጀምሬያለሁ። ሁለታችሁም ካላችሁ ከትምህርት መልስ እየተጋገዛችሁ ይሆናል። ቁንጫ ከሄደች ግን ትልቋ መኪናው ላይ ትቀመጣለች። ሌላ መላ የለኝም።»

እኔ ለመጨረስ አንድ ዓመት ነበር የቀረኝ።

«እትዬማ ትማር!» አለች ቁንጫ። «እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ እሰፋለሁ።»

«የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ አንቺ።»

«እሮጣለሁ።»

«ቁንጫ ብዬ ስም ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ምን እላለሁ!» አለ አባታችን፤ ሳቀ። እናታችንም ከመጋረጃው ወዲያ ሳቀችና «ልጄ ሰው ፊት ስትነፋ አንድ ጊዜ ልስማት እንጂ፣ ሌላው እንደፈለገ ይሁን፤» አለች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስለ እኔ የተወሰነው ነገር በሳቅ መሀል አለፈ። ሳህኖቹን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

የመዝጊያው ዕለት ጠዋት ቁንጫ ቀይ ኮቷን ለብሳ ሱቁ መሀል ቆመች።

«እትዬ፣ እጄን እዪው።»

ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ፒስተኑን አሁን እኔ ባወጣው እጥለዋለሁ። ዘይቱን አንቺ አድርጊልኝ።»

«ሕጉስ?» አልኳት። በባንዱ ሕግ ማንም የሌላ ልጅ መሣሪያ አይነካም። የነካም ያስነካም ይባረራል።

«ማን ያየናል? ካውያው?»

እናታችንን ልታለብሳት ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ሁለቱ ሲስቁ እሰማለሁ። ፒስተኖቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ጨርቁ ላይ ደረደርኳቸው። ወለወልኳቸው። ዘይት አደረግኩ። ቁጥሮቹ እንደ አሸዋ ቅንጣት ያነሱ ናቸው፤ ግን መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ፤ ፀሐዩም ጥሩ ነበር። አንድን ሦስት ቤት፣ ሦስትን አንድ ቤት ከተትኩ። ክዳናቸውን አጠበቅኩ። የእኔ እጅ አልተንቀጠቀጠም።

ስትመለስ ሦስቱንም በጣቷ ጫን ጫን አደረገቻቸው።

«እንደ ቅቤ! ኑሪልኝ እትዬ።» ጉንጬን ሳመችኝ።

ነፍታ እንደማትሞክረው አውቃለሁ። ሻምበል ሁሉንም የቃኘው ከዋዜማው ነበር። «ነገ ከዜማው በፊት አንዲት ጢጥ የሰማሁበት ልጅ ሰው ፊት ደረቅ ይቆማል፤» ብሎን ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ዳይሬክተሩ፣ እንግዳዋ፣ ከእነሱ ቀጥሎ አባታችንና እናታችን። ለእናታችን ከፊት ቦታ የሰጧት ዓይነ ስውር ስለሆነች ነው። እንግዳዋ ረጅም ሴት ናት፤ ጭኗ ላይ ደብተር ዘርግታለች። እኔ ከቁንጫ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በስተቀኝ ቆሜያለሁ፤ ከዚያ ቀኝ እጇ በደንብ ይታየኛል።

ሻምበል ዱላውን አነሳ። ቁንጫ ትራምፔቷን አነሳች። ትንፋሽ ስትስብ ኮቷ ጀርባዋ ላይ ተወጠረ።

ምንም።

እንደገና ነፋች። አንገቷ ላይ ሥሩ ተገተረ፤ ጆሮዋ ቀላ። ምንም። ዓይኗ ወደ ሻምበል ሄደ። ሻምበል መምታቱን አላቆመም፤ ባንድ ውስጥ የተጀመረ ዜማ አይቆምም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ዱላው ባዶ አየር ይመታል።

ያኔ ጣቶቿ ጀመሩ።

ከመጀመሪያው ሳይሆን ሻምበል ከደረሰበት ነው የገባችው፤ አንድም ምት ሳታዛንፍ። ጉንጯ ተነፍቶ፣ ክርኗ እንደተማርነው ከፍ ብሎ፣ የተቀጣ ልጅ እንደሚያደርገው ደረቁን ነፋች። ከጣቷ ላይ እያንዳንዱን ድምፅ አነብ ነበር። የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ ቤት በክላርኔቴ ስሞክረው እኔ ሁልጊዜ የምስትባት ቦታ ላይ እሷ እንዴት እንደምታልፍ። አንድም አልሳተችም።

ሰው መጀመሪያ ጠበቀ። ቀስ ብሎ የሚጀምር ዜማ መስሏቸው አንገታቸውን ያስረዘሙም ነበሩ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሕፃን ከት ብሎ ሳቀ፤ ቀጥሎ ትልልቆቹ። ከጀርባዬ ማንኪያ «ትራምፔቱ ጾም ይዟል፤» ሲል ሁለት ልጆች ከአፍንጫቸው ፈነዱ። በሳቁ መካከል የእናታችን ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«ጀመሩ እንዴ?»

«ጀምረዋል፤» አለ አባታችን።

«ቁንጫስ?»

«እየነፋች ነው።»

«ምነው ለእኔ አልተሰማኝ?»

«ራቅ ብለን ስለተቀመጥን ነው።»

እናታችን «እንግዲህ ጆሮዬም ሄደ ማለት ነው፤» አለች።

ግማሽ ደቂቃው አለቀ። ሃያ ሰባታችን ገባን፤ ከበሮው፣ ትሮምቦኑ፣ ክላርኔቱ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እናታችን ጭንቅላቷን ቀና ስታደርግ አየኋት። ጆሮዋ እንዳልሄደ ያኔ ገባት። ፊቷን ወደ አባታችን አዞረች፤ እሱ ደግሞ ወደ ወለሉ።

ከመድረኩ ጀርባ ሻምበል ትራምፔቱን ከእጇ ተቀበለ። የመጀመሪያውን ፒስተን ፈትቶ አወጣና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው። እንግዳዋም ዳይሬክተሩም መጥተው ነበር።

«ሦስት ቁጥር፣ አንደኛው ቤት ውስጥ፤» አለ፤ ድምፁን አላነሳም። «ማን ነው ዘይት ያደረገው?»

ቁንጫ አየችኝ። ለአፍታ ነው። ክላርኔቴን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ።

«እኔ፤» አለች።

«ሌላ የነካው የለም?»

«የለም። እኔ ነኝ።»

ሻምበል ፒስተኑን መዳፏ ላይ አስቀመጠላትና ሄደ። ጥፊ ቢያሳርፍባት ይሻል ነበር። እንግዳዋ ደብተሯን ዘጋች። «መሣሪያዋን ያላወቀች ልጅ አልወስድም፤» አለች ለዳይሬክተሩ። «ጣቷን ግን አይቻለሁ። ያሳዝናል።» ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ማንኪያ ወንበር ጀርባ ላይ በማንኪያው ይመታ ነበር። ስታየው ቆየች። በሁለተኛው ሳምንት ሻንጣውን ይዞ የሄደው እሱ ነው።

እንደ ልማዴ ብሳሳት ኖሮ ያን ቀን አለቅስ ነበር። አላለቀስኩም። ቤት ስንደርስ ቁንጫ ለእናታችን «ተሳስቼ ነው እማዬ፤ ቸኩዬ አቀያየርኩት፤» አለቻት። እናታችን ጣቶቿን ይዛ አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። ከዚያ ዕለት ወዲህ ሙዚቃ በሬዲዮ ሲጀምር «ዝጉልኝ» ትል ነበር።

ልጆቹ ስሟን ቀየሩት። መንገድ ላይ ከኋላዋ ይሰለፉና ጉንጫቸውን ነፍተው «ደረቅ! ደረቅ ንፊ!» ይላሉ። አንድ ቀን እኔም ሳቅኩ፤ ካልሳቅኩ ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው። ቁንጫ ዞር ብላ የሳቀውን ሁሉ አንድ በአንድ አየች። እኔ ጋ ስትደርስ አልፋኝ ሄደች።

ትራምፔቱን መለሰች። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱንም ተወችው። አባታችን አላስገደዳትም፤ ራሷ መኪናው ላይ ተቀመጠች። «እትዬ ትጨርስ፤» አለች። እኔ ጨረስኩ። መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ፤ የሌላ ሰው ወረቀት በቁጥሩ ቅደም ተከተል መደርደር ሥራዬ ሆነ። እናታችን ሞተች፤ አባታችን ሞተ። ቁንጫ ሱቁ ውስጥ ቀረች። የባንዱን ቀይ ኮት ሃያ ስድስት ዓመት የሰፋችው እሷ ናት። ክንዱ ላይ ሁለት ወርቃማ ጥብጣብ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እጎበኛታለሁ። ሻይ ታፈላለች፤ ስለ ጨርቅ ውድነት፣ ስለ ጎረቤት እናወራለን። ዝም ስንል የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ይጀምራሉ። አንድ ብቻ፤ አንድና ሁለት፤ ባዶ፤ አንድና ሦስት። ያቺን ግማሽ ደቂቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትጨርሳትና ስኳር ትጨምርልኛለች። እኔም አልጠይቃትም፤ እሷም አትነግረኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ባለፈው ክረምት ሳንባዋ ውሃ ቋጠረ። ሆስፒታሉ ስድስት አልጋ ያለው ክፍል ውስጥ አስተኛት፤ ፊቷ ላይ የኦክስጅን ጭንብል። አንድ ከሰዓት በኋላ ጭንብሉን ወደ አገጯ አወረደችው።

«እትዬ።»

«ወዬ።»

«ያን ቀን ጠዋት ምን አስበሽ ነበር?»

«የቱን ቀን?»

ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። «አሁንም የቱን ቀን ትያለሽ።»

«ተሳስቼ ነው፣ ቁንጫ።» ለሃያ ስድስት ዓመት አዘጋጅቼ ያስቀመጥኩት ቃል ነበር፤ ተስተካክሎ ወጣ።

«ቁጥሩን ያሳየሁሽ እኔ ነኝ። ደግሞም አንቺ ስትሳሳቺ ታለቅሻለሽ። ያን ቀን ዓይንሽ ደረቅ ነበር። እዚያው ከመድረኩ ጀርባ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልሽ?»

«እውነቱን እስክትናገር አንድ ደቂቃ ልስጣት ብዬ ነበራ። ፈሪ መሆንሽን አውቃለሁ፤ አንድ ደቂቃ ይበቃታል ብዬ ነው።» ትንፋሽ ሰበሰበች። «ከዚያ አንድ ቀን አልኩ። ከዚያ ቅዳሜ ስትመጣ ትናገራለች አልኩ። ስንት ቅዳሜ ሻይ አፈላሁልሽ?»

«ይቅር በዪኝ።» አሁን እንባዬ መጣ፤ እንደ ጥንቱ ወንበሩ ላይ ሳይደረስ።

አየችው። አገጬ ላይ ደርሶ እስኪንጠባጠብ ጠበቀች።

«አልልም፤» አለች።

«ቁንጫ፣ እባክሽ…»

«ትንፋሼ ትንሽ ናት። ለአንቺ አላወጣትም።»

ጭንብሉን ራሷ መልሳ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ኖረች፤ ነርሷን አናገረች፤ የጎረቤት አልጋ ሴትዮዋን አሳቀች። እኔን ምንም አላለችኝም። ጣቶቿ ግን ብርድ ልብሱ ላይ ይሠሩ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ እያየሁ ደረቁን ነፋችልኝ።

ቀብሩ ላይ ባንዱ መጣ። ማንኪያ አሁን የትምህርት ቤቱ የባንድ መምህር ነው፤ ሆዱ ቀድሞት ይሄዳል፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ልጆቹ የእሷን ኮት ለብሰዋል። የአንዷ ልጅ ክንድ ላይ አንድ ጥብጣብ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለተኛውን ሳትሰፋው ነው የታመመችው። ይቺ ልጅ ትራምፔት ይዛለች።

«እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ፤» አለኝ ማንኪያ። ዓይኑ ቀልቷል። «በልጅነቴ ብዙ አላግጬባታለሁ። ኮት ላሠራ በሄድኩ ቁጥር ላነሳባት እልና አፌ ይያዛል።» ወደ ጆሮዬ ቀረብ አለ። «ያንን መግቢያ ልናስነፋላት አስበን ነበር። ያኔ ያልወጣላትን። ወረቀቱ ከሻምበል ጋር ጠፋ፤ እኔ ደግሞ የከበሮ ሰው ነኝ፤ ምቱን እንጂ ዜማውን አልያዝኩም። አንቺ አታጪውም። ጫፉን ብቻ ብታንጎራጉሪላት ይቺ ልጅ ወዲያው ትይዘዋለች።»

ልጅቷ ትራምፔቷን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ። ሦስቱም ጣቶቿ ፒስተኖቹ ላይ ተዘጋጅተዋል።

«አላስታውሰውም፤» አልኩ።

«አንዲትም መስመር?»

«አንዲትም።»

«አይ ጊዜ!» አለ ማንኪያ፤ ትከሻዬን ዳበስ አደረገና ወደ ልጆቹ ተመለሰ። ለሁሉም ቀብር የሚጫወቱትን ተጫወቱ። ልጅቷ በጣም ጥሩ ነፋች፤ ድምፁ ከዛፎቹ በላይ ወጣ። ሰዎቹ አፈሩን መመለስ ጀመሩ። እጄን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ፤ እሷ የሰፋችልኝ ኮት ነው። ጣቶቼ ውስጥ ለውስጥ እየተንቀሳቀሱ ነበር። አንድ ብቻ፤ አንድና ሁለት፤ ባዶ፤ አንድና ሦስት።